ከእህል ተራ እስከ ማዕድ፦ ሴሊያክ ላለባቸው ተመጋቢዎች በክልል ከተሞች ደኅንነቱ የተጠበቀ ምግብ ቤት የማግኘት ጉዳይ

መግቢያ

ጤፍ በተፈጥሮው ግሉተን የሌለው መሆኑ በዓለም ገበያ ስሙን ካስጠሩት ምክንያቶች አንዱ ነው። ከዚህ በመነሣትም ግሉተን ለማይስማማው ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ የሚበላ ማግኘት ቀላል ነው የሚል ግምት በሰፊው ይደመጣል። ግምቱ ከፊል እውነት አለው፤ እንጀራ የማይገኝበት ከተማ የለምና። ይሁን እንጂ ሴሊያክ ያለበት ሰው በደብረ ብርሃን፣ በደሴ ወይም በባሕር ዳር ምግብ ቤት ገብቶ የጤፍ እንጀራ ቢያዝ፣ የሚቀርብለት ምግብ ደኅንነት የሚወሰነው በእህሉ ስም ብቻ አይደለም። እህሉ ከገበያ ተነሥቶ ማዕድ ላይ እስኪቀርብ ድረስ ያለፈባቸው እጆች፣ ወፍጮዎችና ምጣዶች ሁሉ በውሳኔው ውስጥ ድርሻ አላቸው።

ጉዳዩ የምርጫ ወይም የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለሥራ ወደ ክልል ከተማ የተመደበ መምህር፣ ለሕክምና ከገጠር የመጣ ታማሚ፣ በመንገድ ላይ የሚውል ሹፌር፣ በዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት ከቤቱ ውጭ ሳይበላ ሊውል አይችልም። ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የበሽታውን ምንነትና አደጋ የሚያስከትለውን የግሉተን መጠን ያስረዳል፤ ቀጥሎ ግሉተን ንጹሕ ወደሚመስለው ምግብ የሚገባባቸውን በሮች አንድ በአንድ ይመረምራል፤ በመጨረሻም ተመጋቢው፣ ምግብ ቤቱና ተቋማት ሊወስዷቸው የሚችሉ እርምጃዎችን ያመለክታል።

የበሽታው ምንነት

ሴሊያክ የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት በራሱ አካል ላይ እንዲነሣ የሚያደርግ በሽታ ነው። ቀስቃሹ በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው በኢትዮጵያ እምብዛም በማይዘራው እህል ውስጥ የሚገኘው፣ በጥቅሉ ግሉተን ተብሎ የሚጠራው የፕሮቲን ቤተሰብ ነው። የተጋላጭነት ዘር ያለው ሰው እነዚህን እህሎች ሲመገብ በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ያሉት፣ ምግብን ወደ ደም የሚያሳልፉት ጥቃቅን ጣት መሰል እጥፋቶች ይቆጣሉ፤ ቀስ በቀስም ይጠፋሉ። ውጤቱም ተቅማጥና የሆድ መነፋት፣ በሕፃናት ላይ የዕድገት መቀጨጭ፣ በዐዋቂዎች ላይ የደም ማነስ፣ የአጥንት መሳሳት፣ አንዳንዴም የመውለድ ችግር ሊሆን ይችላል። በሽታው በዓለም አቀፍ ደረጃ ከመቶ ሰው አንዱን ገደማ እንደሚይዝ ይገመታል፤ ከተያዙትም ብዙዎቹ መያዛቸውን ሳያውቁ ይኖራሉ።

የእህልና የበሽታው ግንኙነት በግልጽ የታወቀው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ኔዘርላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ካረል ዲኬ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ስንዴን ከታማሚ ሕፃናት ምግብ ላይ በማስወጣት ይሞክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 መካከል በነበረው የጦርነት ረሀብ ወቅት ዳቦ ከአገሩ ሲጠፋ፣ ሌላው ሕዝብ በረሀብ ሲጎሳቆል እነዚህ ሕፃናት ግን መሻሻል አሳዩ፤ ዳቦ ሲመለስ ሕመሙም አብሮ ተመለሰ። ዲኬ ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1950 በዶክትሬት ጽሑፉ አቀረበ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ ያለው ሕክምና አንድ ነው፤ ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው።

ምርመራው በደም ውስጥ የሚገኙ ፀረ እንግዳ አካላትን በመለካትና እንደ ሁኔታው ከትንሹ አንጀት ናሙና በመውሰድ ይከናወናል። እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ጥንቃቄ አለ። ምርመራው ሳይደረግ በራሱ ውሳኔ ስንዴና ገብስ የተወ ሰው አንጀቱ ማገገም ስለሚጀምር በሽታው እያለበት «የለብህም» የሚል ውጤት ሊያገኝ ይችላል። ስለሆነም ምርመራ ይቀድማል፤ አመጋገብን መለወጥ ይከተላል።

ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው?

በተለምዶ «ትንሽ ብትነካካው ምን ይላል?» የሚለው አነጋገር ለሴሊያክ አይሠራም። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ አካል ኮዴክስ አንድ ምግብ «ከግሉተን ነጻ» ለመባል በ1 ኪሎ ግራም ውስጥ ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ግሉተን ሊኖረው አይገባም ሲል ደንግጓል። የአውሮፓ ኅብረትና አሜሪካም ይህንኑ ወሰን ይጠቀማሉ። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2007 በጣሊያን ተመራማሪዎች መሪነት ይፋ የሆነ ጥናት በቀን 50 ሚሊ ግራም ግሉተን ለሦስት ወር ያህል መውሰድ አንጀትን እንደሚጎዳ አሳይቷል።

እነዚህ ቁጥሮች በወጥ ቤት ቋንቋ ሲተረጎሙ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የስንዴ ዱቄት ከክብደቱ አንድ ዐሥረኛ ገደማ ግሉተን ነው። በዚህ ስሌት 50 ሚሊ ግራም ግሉተን በግማሽ ግራም የስንዴ ዱቄት ውስጥ ይገኛል፤ ይህም ከሻይ ማንኪያ ጫፍ የማይበልጥ ነው። አንድ ኪሎ ንጹሕ የጤፍ ዱቄት ደግሞ ሩብ ግራም የስንዴ ዱቄት ቢገባበት የ20 ሚሊ ግራሙን ወሰን ያልፋል። ጋጋሪዋ በዐሥር ኪሎ ዱቄት ውስጥ አንድ ኪሎ ስንዴ ብትቀላቅል ግን መጠኑ ከወሰኑ 500 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሊጡ ውኃ ስለሚገባበት በተጋገረው እንጀራ ውስጥ ያለው መጠን ከዚህ ቢቀንስም፣ አንድ ሰው በአንድ ማዕድ የሚበላውን የእንጀራ ብዛት ስናስብ ቅነሳው ነገሩን አይለውጠውም።

ሌላው አስቸጋሪ ባሕርይ የበሽታው ዝምታ ነው። አንዳንድ ታማሚ ግሉተን በበላ በሰዓታት ውስጥ ያመዋል፤ ሌላው ምንም አይሰማውም፤ አንጀቱ ግን መጎዳቱን ይቀጥላል። ስለዚህ «እዚያ ምግብ ቤት በልቼ ምንም አልሆንኩም» የሚል ምስክርነት ብቻውን የምግብ ቤቱን ደኅንነት አያረጋግጥም። ማረጋገጫው ምግቡ የተዘጋጀበት መንገድ ነው።

እንጀራው የሚያልፍባቸው በሮች

የጤፍ ንጽሕና በሳይንስ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2005 ኔዘርላንድ ውስጥ በተካሄደ ምርመራ የጤፍ ፕሮቲን የሴሊያክ ታማሚዎችን የመከላከያ ሕዋሳት እንደማይቀሰቅስ ተረጋግጧል። እንግዲህ ችግሩ ከእህሉ ሳይሆን ከጉዞው ነው። ጉዞው አራት ዋና በሮች አሉት።

የመጀመሪያው እህል ተራ ነው። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ በአንድ ገበያ፣ በአንድ ነጋዴ መደብር፣ አንዳንዴም እየተፈራረቁ በአንድ ጆንያ ይቀመጣሉ። ሆኖም በዚህ በር ላይ ጤፍ አንድ ጥቅም አለው፤ ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ወንፊት የስንዴና የገብስ ፍሬን በቀላሉ ያስቀርለታል። በጥንቃቄ የተነፋ ጤፍ ሳይፈጭ በፊት ንጹሕ ሊሆን ይችላል። አንዴ ከተፈጨ በኋላ ግን የትኛውም ወንፊት ዱቄትን ከዱቄት አይለይም።

ሁለተኛው በር ወፍጮ ቤት ነው፤ በብዙ ከተማ ከአራቱ በሮች ሁሉ አሳሳቢው ይህ ነው። አንድ ወፍጮ ጠዋት የአንዱን ስንዴ፣ ቀጥሎ የሌላውን ጤፍ፣ ከዚያ የሦስተኛውን ገብስ ይፈጫል። በድንጋዩ መካከል፣ በመውረጃውና በሽፋኑ ላይ የቀረው የስንዴ ዱቄት ተከትሎ ከሚመጣው ጤፍ ጋር ይወጣል። ከላይ እንደታየው አደጋው በግራም ክፍልፋይ የሚለካ በመሆኑ ይህ ቅሪት በቂ ነው። ሽሮም ከዚህ አያመልጥም፤ ሽምብራውና አተሩ ምንም ግሉተን ባይኖራቸውም በዚያው ወፍጮ ካለፉ ከጤፉ የተለየ ዕድል የላቸውም።

ሦስተኛው በር ጋጋሪዋ ናት። በርካታ ምግብ ቤቶች እንጀራ አይጋግሩም፤ ከአቅራቢ ይገዛሉ። የጤፍ ዋጋ በናረ ቁጥር ዱቄቱን በስንዴ፣ በገብስ፣ በማሽላ፣ በበቆሎ ወይም በሩዝ ማብዛት የተለመደ ነው። ማሽላ፣ በቆሎና ሩዝ ግሉተን የላቸውም፤ ስንዴና ገብስ ግን አላቸው። ስለዚህ «ድብልቅ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ የምን ድብልቅ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ከጎረቤት የተዋሱት እርሾ፣ የስንዴ ሊጥ የነበረበት ቡሃቃና ቂጣ የተጋገረበት ምጣድም በዚሁ በር የሚገቡ ናቸው።

አራተኛው በር የምግብ ቤቱ ወጥ ቤትና ማዕዱ ነው። ዳቦ የተቆረጠበት ቢላዋ ሥጋ ይቆርጥበታል፤ ፓስታ ያማሰለ ጭልፋ ወጥ ያወጣበታል፤ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ የተጠበሰበት ዘይት ድንች ወይም ዓሣ ይጠበስበታል። ምግቡ ከቀረበ በኋላም በአንድ ትሪ የሚበሉት ሰዎች እጅ አለ። ዳቦ ቆርሶ የበላ እጅ የሚያጎርሰው ጉርሻ ፍቅር ቢሆንም ዱቄትም ሊሆን ይችላል።

የምግብ ዝርዝሩ ሲፈተሽ

በክልል ከተሞች ምግብ ቤቶች የሚገኙ የተለመዱ ምግቦች በሦስት ሊመደቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው ምድብ በግልጽ የተከለከለው ነው። ዳቦ፣ እርጥብ፣ ጨጨብሳ፣ ፈጢራ፣ ሳምቡሳ፣ ፓስታና ማካሮኒ፣ የስንዴ ቅንጬ፣ የገብስ ገንፎ፣ በሶ፣ ጭኮና ዳቦ ቆሎ ከዚህ ይመደባሉ። ከመጠጥ ጠላና ቢራ በገብስ ብቅል ስለሚጠነሰሱ አብረው ይቆጠራሉ፤ ከቡና ጋር የሚቀርበው የገብስ ቆሎም እንዲሁ።

ሁለተኛው ምድብ በመሠረቱ ግሉተን የሌለው፣ በአዘገጃጀት ግን ሊበከል የሚችለው ነው። እንጀራ፣ ፍርፍር፣ ሽሮ፣ የተጠበሰ ዓሣና የድንች ጥብስ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። በጣና ዳር ከተሞች የሚቀርበው ዓሣ ለምሳሌ አንዳንዱ ቤት በዱቄት ለውሶ፣ ሌላው ያለ ዱቄት ይጠብሰዋል፤ ስሙ አንድ ነው፤ ለሴሊያክ ታማሚ ግን ሁለት የተለያዩ ምግቦች ናቸው።

ሦስተኛው ምድብ በአንጻራዊ ሁኔታ አስተማማኙ ነው። የተቀቀለ እንቁላል፣ የተቀቀለ ድንች፣ ጎመን፣ ሰላጣ፣ አይብ፣ በንጹሕ መጥበሻ የተሠራ ጥብስ፣ ሩዝ፣ ፍራፍሬ፣ ፈንዲሻ፣ ቡናና ሻይ በዚህ ይካተታሉ። ጠጅ ከማርና ከጌሾ የሚጠነሰስ በመሆኑ፣ ሌላ ነገር እስካልገባበት ድረስ፣ ከጠላ ይለያል።

ከእነዚህ ሁሉ ልዩ ማሳሰቢያ የሚገባው «አጃ» የሚለው ስም ነው። ቃሉ በከተማ ሱቆች ታሽጎ ለሚሸጠው፣ ለሾርባና ለቅንጬ ለሚውለው እህል ያገለግላል። በአንዳንድ ደጋማ አካባቢዎች ግን ከስንዴ ዘር የሆነ፣ ገለባው ከፍሬው በቀላሉ የማይላቀቅ ጥንታዊ እህል በዚሁ ስም ይጠራል። የመጀመሪያው ከስንዴ ጋር ካልተነካካ ለአብዛኞቹ ታማሚዎች የሚስማማ ነው፤ ሁለተኛው ራሱ ስንዴ ስለሆነ የተከለከለ ነው። አንድ አስተናጋጅ «ስንዴ የለበትም፤ አጃ ነው» ቢል እውነቱን ተናግሮ ታማሚውን ሊጎዳው ይችላል።

ከተሞች እንደየአካባቢያቸው

የክልል ከተማ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ምግብ ቤቱ የሚመስለው በዙሪያው ያለውን እርሻ ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ በአድአና በምንጃር ዙሪያ ጤፍ በስፋት ስለሚመረት ንጹሕ የጤፍ እንጀራ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። በደብረ ብርሃንና በሌሎች የደጋ ከተሞች ገብስ የምግቡም የመጠጡም መሠረት በመሆኑ ጥንቃቄው ይጨምራል። በፎገራ ሜዳ ላይ ባሉት እንደ ወረታ ባሉ ከተሞች የሩዝ ምርት በመስፋፋቱ ሩዝ ከጤፍ ጋር መቀላቀሉ የተለመደ ነው፤ ይህ በጣዕም ለሚከራከር ሰው ቅሬታ ቢሆንም ለሴሊያክ ታማሚ ጉዳት የለውም። በሐረርና በድሬዳዋ አካባቢ ማሽላ ተመሳሳይ ቦታ አለው።

በወልቂጤ፣ በሆሳዕናና በሌሎች የእንሰት አገር ከተሞች ደግሞ ነገሩ ከሁሉም ይቀልላል። ቆጮና ቡላ ከእህል ወገን ስላልሆኑ ግሉተን የለባቸውም። ክትፎ፣ አይብ፣ ጎመንና ቆጮ የሚያቀርብ ክትፎ ቤት ዳቦ በአጠገቡ እስካልተቆረጠ ድረስ፣ ሳያስበው ከግሉተን ነጻ የሆነ ወጥ ቤት ለመሆን እጅግ የቀረበ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ተጓዡ የምግብ ቤቱን ስፋትና ውበት ከማየት ይልቅ ስንት ዓይነት ዱቄት በወጥ ቤቱ እንደሚገባ ቢጠይቅ ይሻላል። ትልቁ ሆቴል ፒዛ፣ ኬክ፣ ፓስታና እንጀራ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያዘጋጅ፣ ሁለት ዓይነት ምግብ ብቻ የምትሠራ ትንሽ ቤት ከእሱ የበለጠ አስተማማኝ ልትሆን ትችላለች።

ጥያቄው እንዴት ይጠየቅ?

«ግሉተን አለው?» የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው ከንቱ ነው። ቃሉን የማያውቅ አስተናጋጅ እንግዳውን ላለማሳዘን «የለውም» ማለቱ አይቀርም፤ ይህም ከክፋት ሳይሆን ከአክብሮት የሚመነጭ ነው። ጠቃሚው ጥያቄ መልሱ «አለ» ወይም «የለም» ያልሆነው፣ ሥራውን የሚያስተርከው ነው። እንጀራውን ማን ጋገረው? ዱቄቱ ምንና ምን ነው? የት ተፈጨ? በዚያ ምጣድ ሌላ ምን ይጋገርበታል? ዘይቱ ሌላ ምን ተጠብሶበታል? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ የሚችለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አስተናጋጁ ሳይሆን ወጥ ቤቷ ወይም ባለቤቷ ናት። ጥያቄው በምሳ ግርግር መካከል ሳይሆን ቤቱ ፋታ ባለው ሰዓት፣ ከተቻለም ከአንድ ቀን በፊት ቢቀርብ የሚሰጠው መልስ ይበልጥ የታሰበበት ይሆናል።

መልሱን መመዘንም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። «አላውቅም፤ ልጠይቅልህ» ያለ ቤት «ግድ የለም፤ ብላ» ካለው ይልቅ ሊታመን ይገባዋል። የመጀመሪያው የዕውቀቱን ወሰን ያውቃል፤ ሁለተኛው አያውቅም።

ጾምና ፍስክን የለየ ወጥ ቤት

ግሉተንን ለይቶ ማብሰል ለክልል ከተማ ምግብ ቤት አዲስና የማይቻል ነገር ተደርጎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም መለየት ለኢትዮጵያ ወጥ ቤት ባዕድ አይደለም። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ሙሉውን ወቅት፣ ወጥ ቤቶች የጾሙን ድስት ከፍስኩ፣ ቅቤ የነካውን ጭልፋ ካልነካው ይለያሉ። የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ በየራሱ ቤት ይታረዳል፤ በየራሱ ዕቃም ይሠራል። በወፍጮ ቤትም በርበሬ ለብቻው በተለየ ወፍጮ ይፈጫል፤ ጤፉን ያቃጥለዋልና። እነዚህ ልማዶች አንድ ነገር ያስረዳሉ፤ ለምን እንደሚለይ ምክንያቱ ከታወቀና ከተከበረ፣ ዕቃ መለየት ከአቅም በላይ አይደለም።

ንጽጽሩ ግን ወሰን አለው። የጾም ምግብ ከግሉተን ነጻ ማለት አይደለም፤ ዳቦ፣ ፓስታና ሳምቡሳ የጾም ናቸው። በተጨማሪም ጾምን የማያውቅ ወጥ ቤት የለም፤ ሴሊያክን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ከልማዱ የሚወረሰው የምግቡ ዝርዝር ሳይሆን የመለየት ሥነ ሥርዓቱ ነው። «በፍስክ ቀን ለሚጾም ሰው እንደምትለዩት አድርጋችሁ ለዩልኝ፤ የእኔ ቅቤ ስንዴና ገብስ ነው» የሚል ማብራሪያ ከማንኛውም የሕክምና ቃል ይልቅ ለወጥ ቤቷ ቶሎ ይገባታል።

ከሌሎች አገሮች የሚገኝ ልምድ

ፓስታና ፒዛ የዕለት ምግቡ የሆነው የጣሊያን ሕዝብ በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው ሕግ ሴሊያክ ያለባቸው ዜጎች በትምህርት ቤት፣ በሆስፒታልና በመሳሰሉት የሕዝብ መመገቢያዎች ከግሉተን ነጻ ምግብ እንዲያገኙ ደንግጋለች። የታማሚዎቹ ማኅበር ደግሞ ለምግብ ቤቶች ሥልጠና እየሰጠና እየተቆጣጠረ መሥፈርቱን ያሟሉትን በዝርዝር ያሳውቃል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምግብ ቤቶች ሳይቀሩ ግሉተን ያለባቸውን እህሎች ጨምሮ 14 የአለርጂ መንስኤዎችን ለተመጋቢው የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ጥበቃውን ያመጣው የስንዴ መጥፋት ሳይሆን የመረጃ ግዴታና የሠለጠነ እጅ መሆኑን ይህ ያሳያል።

በአሜሪካ ከተሞች የሚገኙ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ልምድም ወደ ጉዳዩ የቀረበ ነው። ጤፍ በዚያ ውድ በመሆኑ ብዙዎቹ እንጀራቸውን ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር ይጋግራሉ፤ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ለሚፈልግ ግን አስቀድሞ ሲታዘዝ ለብቻው የሚያዘጋጁ አሉ። አስቀድሞ ማዘዝ ለምግብ ቤቱ ኪሳራን፣ ለተመጋቢው ሥጋትን የሚቀንስ ቀላል ስምምነት ነው።

ሊወሰዱ የሚችሉ እርምጃዎች

ተመጋቢው ለጉዞ ሲነሣ ስንቁን ማሰብ ይኖርበታል። የአገሩ የተለመደ ስንቅ፣ ማለትም በሶ፣ ጭኮና ዳቦ ቆሎ፣ በሙሉ ከገብስና ከስንዴ የሚዘጋጅ ስለሆነ አይሆነውም። በቤቱ ከተነፋና በንጹሕ ወፍጮ ከተፈጨ ጤፍ የተዘጋጀ ድርቆሽ ግን ሳይበላሽ ረጅም ጊዜ የሚቆይ፣ በሙቅ ውኃ ወይም በወጥ የሚርስ ስንቅ ነው። ድርቆሹን ይዞ ገብቶ ወጡን ብቻ ማዘዝ አራቱን በሮች ወደ አንድ ያወርዳቸዋል፤ የሚቀረው የወጥ ቤቱ ጥያቄ ብቻ ይሆናል። ሽምብራ ቆሎም ጥሩ ስንቅ ነው፤ ከገበያ የተገዛው ግን ገብስ በተቆላበት ብረት ምጣድ የተቆላ ሊሆን ስለሚችል በቤት ቢቆላ ይመረጣል።

ምግብ ቤቱ በበኩሉ ሁሉንም ምግብ መለወጥ አይጠበቅበትም። አንድ ንጹሕ መጥበሻ፣ አንድ ጭልፋ፣ አንድ መክተፊያና ቢላዋ ለብቻ ማስቀመጥ፣ ከአንድ ታማኝ ጋጋሪ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ለብቻው ተጠቅልሎ እንዲመጣ ማድረግ፣ ለዚህ ተመጋቢ በተለየ ሳህን ማቅረብ ለመጀመር ይበቃሉ። ወፍጮ ቤቶችም በሳምንት አንድ ቀን ወፍጮውን አጽድተው ከጤፍ በቀር ሌላ እህል የማያስገቡበት ቀን ቢወስኑ፣ ወይም እንደ በርበሬው ሁሉ አንዱን ወፍጮ ለጤፍ ብቻ ቢለዩ፣ ከእነሱ በታች ያለው ሰንሰለት ሁሉ ይቀልላል።

ከተቋማት መካከል ልዩ ኃላፊነት ያለባቸው የክልል ከተማ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ተማሪዎች በምደባ ከየአቅጣጫው ይመጣሉ፤ ከተማውን አይመርጡትም። ለሺዎች በአንድ ጊዜ የሚያበስለው የተማሪዎች ምግብ ቤት ቁርስ ላይ ዳቦ፣ ምሳና ራት ላይ ድብልቅ እንጀራ ሲያቀርብ፣ ሴሊያክ ያለበት ተማሪ ያለው አማራጭ ነን ካፌ ሆኖ በሚሰጠው ገንዘብ ከግቢ ውጭ መብላት ነው። ይህ ግን ከአንዱ ያልታወቀ ወጥ ቤት ወደ ሌላው መሸጋገር እንጂ መፍትሔ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎቹ እህል በጅምላ ይገዛሉ፤ የምግብ ሳይንስና የሕክምና ትምህርት ክፍሎች፣ ቤተ ሙከራዎችም ያሏቸው አሉ። ለጥቂት ተማሪዎች ንጹሕ ጤፍ ለይቶ ማስፈጨትና መጋገር፣ ዱቄቱንም በየጊዜው መፈተሽ ከእነሱ የተሻለ አቅም ያለው አካል በከተማው ውስጥ አይገኝም። እነሱ የጀመሩትን አሠራር ደግሞ አቅራቢው ጋጋሪና ወፍጮ ቤቱ ወደ ከተማው ምግብ ቤቶች ይዘውት ይወጣሉ።

ማጠቃለያ

ጤፍ የኢትዮጵያን ማዕድ ለሴሊያክ ታማሚ የቀረበ አድርጎታል፤ ደኅንነቱን ግን በራሱ አላረጋገጠለትም። በእህሉና በተመጋቢው መካከል ገበያ፣ ወፍጮ፣ ምጣድና ወጥ ቤት አሉ፤ ከእነዚህ በአንዱ የገባ ከግራም ያነሰ የስንዴ ዱቄት የቀሩትን ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ ሊያደርግ ይችላል። መፍትሔው ውድ ዕቃ ከውጭ ማስመጣት አይደለም። ወንፊቱ፣ ድርቆሹ፣ ቆጮው፣ ለበርበሬ የተለየው ወፍጮ፣ ጾምን ከፍስክ የለየው ድስት ሁሉም በእጅ ያሉ ናቸው። የጎደለው እነዚህን ከአንድ በሽታ ጋር የሚያገናኝ ዕውቀት ነው። ዕውቀቱ ወጥ ቤቷና ወፍጮ ፈጪው ዘንድ ሲደርስ፣ ሴሊያክ ያለበት ሰው ከዘመዶቹና ከባልደረቦቹ ጋር ያለ ሥጋት ለማዕድ ይቀመጣል።